የጉሮሮ ወንድም

በባንዳችን ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ዘፋኛችን «ጉሮሮ» ይባላል፤ ማይክ ቢቋረጥበት እንኳ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ሰው ሳይቀር ይሰማው ነበር። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ «ምሰሶ» ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መድረክ ላይ አንዴ ከቆመበት ንቅንቅ የማይል። እኔ ድራም መቺው ነኝ። ድራም መቺ ከሁሉም ኋላ ስለሚቀመጥ የሚያጠናው የጓደኞቹን ፊት ሳይሆን ጀርባቸውን ነው፤ የምሰሶን ጀርባ የወለደችው እናቱም እንደ እኔ አላየችውም። ሲከፋው ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል። ሲደሰት ምንም አይሆንም።

አባታቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ወንድማማቾቹ ያደጉት ሆድ ዕቃቸው በተዘረገፈ ሬዲዮኖች መሃል ነው። ሬጌንም መጀመሪያ የሰሙት ለሙከራ ከተከፈተ፣ ሳጥን ከሌለው ድምፅ ማጉያ ነው። ታላቅየው ቃሉን ለቀመ፤ ታናሽየው ከሥር የሚንከባለለውን ወፍራም ድምፅ። አድገው ባንድ ሊያቋቁሙ ሲሉ ምሰሶ ልቡ የነበረው ሊድ ጊታር ላይ ነበር። ጉሮሮ ግን «ጊታር የሚነካካ በየደጁ ሞልቷል፤ ያጣነው ቤዝ ነው» ብሎ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ አሮጌ ቤዝ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ምሰሶም እሺ አለ። በነሱ ቤት ጋሼ ያለው ይሆናል።

ክፋት ኖሮበት አይደለም። ጉሮሮ አዲስ ጫማ ገዝቶ ለወንድሙ ከሰጠ በኋላ በአሮጌው የሚዞር ሰው ነበር። ግን ጫማውን ራሱ ነው የሚመርጠው፤ ቀለሙንም፣ ክሩ እንዴት እንደሚታሰርም። የት እንደምንጫወት፣ ምን እንደምንለብስ፣ ምሰሶ ፀጉሩን ድሬድ ያሳድግ ወይስ ይቆረጥ፣ ሁሉንም የሚወስነው እሱ ነው። ክፍል ሲገባ ክፍሉ ይሞላል፤ ለሌላው የሚተርፈው ጥግ ብቻ ነው።

ልምምድ የምናደርገው ከአንድ ጎሚስታ ቤት ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ግድግዳውን በአሮጌ ምንጣፍ ሸፍነነዋል። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ የጎሚስታው ኮምፕረሰር ሲነሳ ወይ እናቆማለን ወይ ምቱን ተከትለን እንሄዳለን። ምሰሶ ጥጉን ይዞ አንዲት የቤዝ መስመር ይደጋግማል። ጉሮሮ ሻዩን እየጠጣ ይሰማትና ቃል ይጥልባታል። ዘፈን የሚባለው ነገር እንዲህ ነበር የሚወለደው። ሬጌ ውስጥ ቤዝ ወለል ነው፤ ዘፋኙ የሚራመደው በሱ ላይ ነው። አልበማችን ሲወጣ ግን «ግጥምና ዜማ» ከሚለው ጎን የተጻፈው የጉሮሮ ስም ብቻ ሆነ። ምሰሶ ሽፋኑን አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው። ዝም አይነቅዝም።

የነቀዘበትን ያየችው ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅ ናት። ከጉሮሮ ጋር ፊት ለፊት የምትከራከር ከመካከላችን እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን ምሰሶ ብቻውን የሚያንጎራጉረውን ሰምታ፣ «ወንድምህ የሚዘፍነው እኮ አንተን ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ አብረው ሻይ መጠጣት ጀመሩ፤ ከሻይም አለፈ። እሷ ወደ ወደብ ከተማ ሄዳ የራሱ ስቱዲዮ ያለው ትልቅ ባንድ ውስጥ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ደወለችለት። ቤዝ ተጫዋች ይፈልጋሉ፤ የራሱን ሥራ ይዞ ይምጣ፤ ቤትም ተከራይታለች።

ምሰሶ ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። አምፕሊፋየር ተሸክመን ደረጃ ስንወርድ ድንገት፣ «እሄዳለሁ» አለኝ። ለወንድሙ ነግሮት እንደሆነ ጠየቅሁት። እሁድ ከዝግጅቱ በኋላ እንደሚነግረው፣ ከመድረክ በፊት ከነገረው ግን እንደሚረበሽበት አስረዳኝ። ትከሻው ቀጥ ብሎ ነበር።

እሁድ በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ተጫወትን። ሕዝቡ እስከ አጥሩ ድረስ ሞልቷል። ጉሮሮ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ቃሉ ተዛባ። መጀመሪያ አንድ ቃል በሌላ ተተካ፤ ቀጥሎ ምንም ቋንቋ ያልሆነ ነገር ከአፉ ወጣ። ሰው አዲስ ስልት መስሎት አጨበጨበ፤ አንዳንዶቹ ተቀብለው አዜሙት። ከዚያ ቀኝ እጁ ማይኩን ለቀቀ። ንቅንቅ የማይለው ምሰሶ መድረኩን በሁለት እርምጃ አቋርጦ መሬት ሳይነካ ያዘው። ቤዙ ከአንገቱ አልወረደም ነበር፤ በሁለቱ ሰውነት መሃል ተጣብቆ በድምፅ ማጉያው በኩል ሜዳውን ሁሉ በጩኸት ሞላው። እኔ ዘልዬ ሶኬቱን ስነቅል ብቻ ጸጥ አለ።

ደም ጭንቅላቱ ውስጥ መሄጃ አጥቶ ነው ተባለ። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ ጎኑ ሰነፈ፤ ንግግሩ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ከዚያ ሁሉ የቃል ሀብት የቀረችለት አንዲት ቃል ናት፤ «ነገ»። ውሃ ትፈልጋለህ ሲሉት «ነገ»። ያምሃል ሲሉት «ነገ»። ሚስቱ ፊቱን እየጠረገች ታውቀኛለህ ወይ ስትለው እንባው እየወረደ «ነገ፣ ነገ» አላት። ወደው አይስቁ እንዲሉ፣ ሊጠይቀው የመጣ አንድ ጓደኛችን መቼ እንደሚወጣ ቢጠይቀው «ነገ» ሲል ሰምቶ ነርሶቹን እንኳን ደስ አላችሁ ብሏቸው ሄዷል።

ምሰሶ ለኪቦርዲስቷ ደውሎ ትንሽ እንድትታገሰው ለመናት። አለቀሰች፤ ታገሰችው።

የጉሮሮ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ምሰሶ እትዬ ይላታል። ቤታቸው አንድ ክፍል ሆኖ በመጋረጃ የተከፈለ ነው። ከወዲህ የስፌት መኪናዋና የጨርቅ ቁልል፣ ከወዲያ የጉሮሮ አልጋ። ጉሮሮ ከሆስፒታል ሲወጣ ማገላበጥና ማንሳት ለአንዲት ሴት ስለማይቻል ምሰሶ መጥቶ ከጨርቁ ሥር ፍራሽ አነጠፈ። ለጊዜው ነው አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ያንቀላፋ መስሎት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቤዙን ያለ ድምፅ ማጉያ ይነካካ ነበር። ጣቱ ሳያስበው ወደ አንድ የድሮ ዘፈናችን ገባ። ዙሩ ሲሞላ፣ ዘፋኙ መግባት ያለበት ቦታ ላይ፣ ጉሮሮ ገባ። ቃሉ አንድ ሳይጎድል፣ ሳይኮላተፍ፣ በዚያ በሚታወቀው ድምፁ አንድ ሙሉ ስንኝ ዘፈነ። እትዬ መጋረጃውን ገልጣ ቆማ ቀረች። ምሰሶ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ወሰደውና «ጋሼ?» አለው። ጉሮሮ በደስታ እያበራ መለሰለት፤ «ነገ።»

የሆስፒታሉ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነገሩን ስትሰማ ብዙ አልተገረመችም። ንግግርና ዘፈን በአእምሮ ውስጥ ጎረቤት ቢሆኑም አንድ ቤት እንዳይደሉ፣ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ሊቆም እንደሚችል አስረዳቻቸው። ግን የጉሮሮ ነገር የራሱ ጠባይ ነበረው። አልበማችንን ሲከፍቱለት ይቆጣና ፊቱን ያዞራል። እኔ ጠረጴዛ እየመታሁ ሞከርኩ፤ ምንም የለም። ሚስቱ አንጎራጎረችለት፤ ዝም። አፉን የሚከፍተው የምሰሶ ቤዝ ሲሰማ ብቻ ነው። የወንድሙ ምላስ ቁልፍ በምሰሶ ጣት ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ውሃ መጠየቅ እንኳ በዘፈን ሆነ። ጉሮሮ የሚፈልገው ነገር ሲኖር «ነገ! ነገ!» እያለ በግራ እጁ አልጋውን ይደበድባል። ምሰሶ ቤዙን አንስቶ የዘፈኖቻችንን መስመሮች አንድ በአንድ ይሞክራል፤ ትክክለኛው ሲደርስ ጉሮሮ ከመሃሉ የሚሆነውን ስንኝ መዞ ይዘፍናል። «ደረቀ ከንፈሬ አንቺን ስጠብቅ» ካለ ውሃ ነው። «ልሂድ ልሂድ አለኝ ልቤ» ካለ ሽንት ቤት፤ ይሄኛው ሲመጣ መቻኮል ያስፈልጋል። ያን ዘፈን ስንሠራው ስለ ፍቅር መስሎን ነበር። እኛም መጀመሪያ ላይ ስቀናል፤ ውሃ ለመጠጣት ባንድ የሚያስፈልገው ሰው እያልን ስንቀልድ ጉሮሮ ራሱ ይስቅ ነበር።

ቀልዱ ግን ማርጀት ጀመረ። ምሰሶ ከኛ ጋር ልምምድ ላይ ሆኖ ስልኩ ይጮሃል፤ እትዬ ናት። ምን እንደፈለገ አልገባኝም፣ ና ትለዋለች። ከተማውን አቋርጦ ይሄዳል። ዘፈኖቹን ሁሉ ይሞክራል፤ በመጨረሻ መስኮቱ ይዘጋ ማለቱ ሆኖ ይገኛል። ይዘጋዋል። ፀጉር ሊቆረጥ ወጥቶ ግማሽ ፀጉሩ ሳይነካ የተመለሰበት ጊዜ አለ። ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተጠርቷል። ሰው ቤት ሲገባ ከበሩ አቅራቢያ መቀመጥ ለመደ።

ኪቦርዲስቷ ከወደብ ከተማ መጣች። ዓመት ታግሳለች፤ ከዚያም በላይ። ጎሚስታው በር ላይ ጎማ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ውስጥ ሆኜ ሲምባል እየጠረግሁ ነበርና ሳልፈልግ ሰማሁ።

«እመጣለሁ ብትለኝ እጠብቃለሁ፤ አልመጣም ብትለኝም አልቀየምህም» አለችው። «አንዱን በለኝ። መቼ ነው?»

ምሰሶ የተቀመጠበትን ጎማ በጥፍሩ ፋቀ። ከዚያ «ነገ» አለ።

ሊቀልድ አልነበረም፤ ከአፉ አመለጠው። እሷ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ወደ ልቅሶ ዞረ። ራሱን ስማው ሄደች። እሱ ጎማው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ ጎሚስታው መጥቶ ጎማውን እንደሚፈልገው እስኪነግረው ድረስ አልተነሳም።

ፕሮዲውሰሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አልበማችንን ያሳተመልን ሰው ነው፤ ጉሮሮ ከታመመ ወዲህ ግን ደጁን ረግጦት አያውቅም። ብርቱካን ይዞ መጣ። ጉሮሮ ሲዘፍን ሰምቶ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠራረገ፤ መነጽሩን መልሶ ሲያደርግ ሐሳቡን ጨርሶ ነበር። መድረክ እንመልሰው አለ። ምሰሶ አይሆንም አለ፤ በሕይወቱ አይሆንም ሲል የሰማሁት ያኔ ነው። ግን ጉሮሮ «መድረክ» የምትለዋን ቃል እንደሰማ ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን አበራ፤ በደህናው እጁ የፕሮዲውሰሩን እጅ ይዞ አልለቅም አለ። የእትዬ ስፌት ደግሞ ለአንድ ሰው መድኃኒትና ለሦስት ሰው ሆድ አልበቃም ብሎ ነበር። ምሰሶ አንጀቱ አልቻለም።

ጉሮሮን ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ማይኩን በማቆሚያ አጠገቡ አድርገን ጀመርን። አዳራሹ አለቀሰ። የማይናገረው ሰው ሲዘፍን ለማየት ከሌላ ከተማ ድረስ መጡ። ጤነኛ ሆኖ ካገኘው ፍቅር ታሞ ያገኘው በለጠ። በየዝግጅቱ መጨረሻ ፕሮዲውሰሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ተስፋ ይናገራል፤ ምሰሶ የቤዙን ገመድ እየጠቀለለ ይወርዳል።

እኔ ከኋላ ሆኜ የማየውን ግን አዳራሹ አያይም። ሬጌ ላይ ቤዝ ያው የሚደጋገም ይመስላል፤ ነገር ግን ጥሩ ተጫዋች በየዙሩ ትንሽ ይሰርቃል። አንድ ኖታ ያዘገያል፣ አንዱን ይውጣል፣ ከሥር ይመጣል ሲሉት ከላይ ይመጣል። ምሰሶን ምሰሶ ያሰኘው ይኼ ነበር፤ ሰውነቱ ቆሞ ጣቱ ይቀብጣል። አሁን ይህ ሁሉ ተከለከለ። አንዲት ኖታ ቦታዋን ከለቀቀች ጉሮሮ ይጠፋበታል። ስለዚህ በየከተማው፣ በየአዳራሹ፣ ያንኑ ዘፈን ያንኑ ኖታ፣ በወጣትነቱ እንደቀዳው አድርጎ እየደገመ ዓመታት አለፉ። አዲስ ዘፈን አይታሰብም፤ ጉሮሮ አዲስ መያዝ አይችልም። ግራ ትከሻው ዝቅ እንዳለ ቀረ። ልብሱን የምትሰፋለት እትዬ ሸሚዙን አንዱን ወገን አሳጥራ መስፋት ጀመረች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ስንጫወት፣ ሁለተኛው ዙር መጨረሻ ላይ፣ ወደ ታች መውረድ የነበረባትን ኖታ ወደ ላይ ወሰዳት። አንዲት ኖታ ናት። ምናልባት ስንት ዘመን የታፈነች ጣት ናት የሄደችው። እኔ ከኋላ ስሰማት ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ምቴን አሳምሬ ተቀበልኳት።

ጉሮሮ ቆመ። አፉ እንደተከፈተ፣ መብራት ጠፍቶበት ደረጃ መሃል ላይ እንደቀረ ሰው። ምሰሶ ወዲያው ወደ አሮጌው መስመር ተመለሰ፤ ዙሩን ደገመው፣ ሠለሰው። አልተገኘም። ጉሮሮ አንገቱን አዙሮ ወንድሙን አየው። ከዚያ ማይኩ ላይ «ነገ» አለ።

ሕዝቡ ቀልድ መሰለው። ሳቀ፤ ከኋላ የነበሩ ወጣቶች «ነገ! ነገ!» እያሉ በጭብጨባ ተቀበሉት፤ አዳራሹ ተከተላቸው። ጉሮሮ መሃል ላይ ተቀምጦ ያለችውን አንዲት ቃል ሺህ ሰው እየጮኸ ሲመልስለት ፊቱን በግራ እጁ ሸፈነ።

ከመድረኩ ጀርባ ወንበር የሚከማችበት ክፍል ውስጥ አስገባነው። እትዬ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ምሰሶ ወንድሙ ፊት ተንበርክኮ የተፈታ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ጋሼ፣ ያን የወደቅህ ዕለት ልነግርህ ያሰብኩት ነገር ነበር። ልሄድ ነበር። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ልነግርህ ፈልጌ አልደፈርኩም። አሁንም ቢሆን ልቤ እዚያው ነው ያለው።»

ጉሮሮ ደህናውን እጁን ወንድሙ ራስ ላይ ጫነ። አልተቆጣም፤ አልደነገጠምም። ያኔ ነው አስቀድሞ ያውቀው እንደነበር የገባኝ። ማን እንደነገረው እንጃ፤ ባንድ ውስጥ ሚስጥር አይደበቅም። እጁን ግን አላነሳም። ምሰሶ ክሩን አስሮ ከጨረሰም በኋላ እጁ እዚያው ነበር።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምታለች። በሳምንቱ ጎሚስታ ቤት ድረስ መጥታ ቤዝ እንዳስተምራት ጠየቀችኝ። ድራም መቺ መሆኔን ብነግራት ከምሰሶ ጋር ስንት ዘመን እንደተቀመጥኩ ጠየቀችኝና፣ «መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የሚያስገባ ጣት ገመድ መርገጥ ያቅተዋል?» አለች። አላቃታትም። የሚያስፈልጉትን መስመሮች ሁሉ፣ ምሰሶ ሳያውቅ፣ ልቅም አድርጋ ያዘቻቸው። አንድ ቀን ምሰሶን ወደ ገበያ ላከችውና ባሏ ፊት ተቀምጣ ጀመረች። ኖታውም ምቱም ትክክል ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ። ጉሮሮ መድኃኒት እንደሚጠላ ሕፃን ከንፈሩን ገጥሞ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሌላ ዘፈን፣ ሌላም ሞከረች። በመጨረሻ ቤዙን አስቀምጣ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሰው እንደ በር ነው፣ በሌላ ቁልፍ አይከፈትም ብለን ተውነው።

ምስጢሩን ያወጣችው የስፌት መኪናዋ ናት። በእግር የምትረገጥ አሮጌ መኪና ናት፤ እትዬ ረጅም ጠርዝ ስትሰፋ ምቷ አይለዋወጥም። አንድ ቀን እኔና ምሰሶ ከውጭ ስንመለስ እትዬን ግቢው ውስጥ በር ላይ ስትጠብቀን አገኘናት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችን። ገብታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና መርገጥ ጀመረች። እኛ የተሰጣው ልብስ ሥር ቆመን ሰማን። ጥቂት ቆይቶ ከመጋረጃው ወዲያ የጉሮሮ ድምፅ ተነሳ። ቀስ ብሎ፣ ለራሱ፣ ቃል ሳይጎድል። እግሯን ስታቆም ያቆማል፤ ስትቀጥል ይቀጥላል። አንዱን ዘፈን ጨርሶ ወደ ሌላው ተሻገረ። ያለ ምሰሶ፣ ያለ ቤዝ።

ምሰሶ ገብቶ መጋረጃውን ገለጠ። ጉሮሮ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ አፉን ዘጋ።

«ያለ እኔም ትችል ነበር?» አለው።

ጉሮሮ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። የመለሰችለት እትዬ ናት።

«ፈርቶ ነው፣ ወንድሜ። ካወቅህ ትሄዳለህ ብሎ ነው የፈራው።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ዕለት ጠዋት መሆኑን ማለችለት። ከመጀመሪያው ይሁን ከትናንት ጀምሮ የሚያውቀው ጉሮሮ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሊናገር አይችልም። ምሰሶ ጨርቁ ቁልል ላይ ተቀመጠ። ይጮሃል፣ አንድ ነገር ይሰብራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የተሰፋውን ጠርዝ አንስቶ እያየ፣ ስፌቱ ቀጥ ማለቱን ነገራት።

እትዬ ራሷ ናት ሂድ ያለችው። «እኔ ባሌን በመኪናዬ አነጋግረዋለሁ፤ ሌላው ሚስቱን በመኪና ያንሸራሽር የለ» አለች፤ ከወፍራም ሸራም ለቤዙ ቦርሳ ሰፋችለት። አውቶቡስ ተራ የሸኘሁት እኔ ነኝ። በመስኮት ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝ ሳቀ። ከወጣትነታችን ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም።

አንድ ወር ሳይሞላው ተመለሰ። ጎሚስታ ቤት ስገባ ያቺው ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ኪቦርዲስቷ አግብታ ኖሯል፤ ማግባቷንም ከመሄዱ በፊት ያውቅ ነበር፤ ለሷ ብሎ አልሄደም። ደህና አድርጋ ተቀብላዋለች፤ ስቱዲዮም አስገብታዋለች። ባንዱ ከበበው። የራስህን ነገር አምጣ አሉት፤ የፈለግኸውን ተጫወት።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ጣቴ ወደዚያው ሄደ» አለኝ። «ደጋግሜ ጀመርኩ። ሌላ ነገር ልጫወት እላለሁ፤ እጄ ግን ዝቅ ብሎ የጋሼን መስመር ያወጣል። ጭንቅላቴ ውስጥ ስንት ዜማ ነበር፤ ስፈልገው የለም። እነሱ ጨዋዎች ናቸው፤ በጣም ጥሩ ነው አሉኝ።»

ጣቶቹን ዘርግቶ የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ አያቸው። ከዚያ አምፕሊፋየሩን ከፍቶ የተለመደውን ጀመረ፤ እኔም ገባሁ። ምን ላድርግ?

ፕሮዲውሰሩ ዝግጅቱን ቀጠለ፤ ሰው ግን ተአምርም ይሰለቸዋል፤ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። አሁን ጉሮሮ የሚዘፍነው ቤት ብቻ ነው። ምሰሶ ከጨርቁ ሥር ፍራሹ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ቤዙም መኪናውም ስላለ ጉሮሮ የፈለገውን ማወቅ እንደ ድሮው አይቸግርም። እንዲያውም እትዬ ናት ብዙውን የምታስፈጽመው። ምሰሶን መኖሪያ ይፈልግ፣ ሚስት ያግባ ብላ ትወተውተዋለች። እሺ ይላል። ቀን ቀን ወደ ጎሚስታው ይመጣል፤ አንዳንዴ ጎማ በመሸከም ያግዘዋል።

ባለፈው ዓመት የወደብ ከተማው ባንድ ወደኛ መጣ። የማዘጋጃ ቤቱ መናፈሻ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ መግቢያ ትኬት። ጉሮሮን በተሽከርካሪ ወንበሩ ይዘነው ሄድን። ምሰሶ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ ነበር። ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ እኔ በአንድ ወገን፣ እሱ በወንድሙ ወገን ተቀመጥን። ኪቦርዲስቷ ገና ስትወጣ አየችን፤ ከኪቦርዱ ላይ አንድ እጇን አነሳች። ቤዝ የሚጫወተው ጎበዝ ወጣት ነበር። ምሰሶ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው፤ ደስ የሚል ቦታ ሲመጣ ክርኑ ይነካኛል።

ዘፈኖቹ ወደ ማለቂያው ሲቃረቡ ጉሮሮ ራሱን ወንድሙ ትከሻ ላይ አሳረፈ፤ በግራ ትከሻው፣ በዚያ በጎበጠው ላይ። ትንፋሹ ረዘመ።

ዝግጅቱ አለቀ። ኪቦርዲስቷ ከመድረክ ወርዳ በዕቃ መኪናቸው አጠገብ ቆመች፤ ወደኛ እያየች። በመካከላችን የተነጠፈው ሣር ብቻ ነው። ባልደረቦቿ ዕቃ ይጭናሉ። ምሰሶ ሊነሳ እግሩን ሰበሰበ፤ የወንድሙን ራስ አየ፤ እግሩን መልሶ ዘረጋ። እኔ ልያዘው፣ ተነሳና ሂድ አልኩት በሹክሹክታ።

«ይነቃል» አለኝ።

ትንሽ ጠበቀችው። እሷ ወደኛ ልትመጣ እንዳትል አንድ ሰው ከመኪናው ውስጥ ይጠራታል፤ ደግሞም ከዚህ በፊት አንዴ መጥታለት ነበር። መኪናው ተነሳ። በመስኮት በኩል እጇን አወጣች፤ ምሰሶም ነፃ የሆነውን እጁን ከፍ አድርጎ እስኪታጠፉ ድረስ አላወረደውም።

እኔ ጉሮሮን እያየሁት ነበር። ዓይኑ ተጨፍኗል። ጣቶቹ ግን፣ ደህና የሆኑት የግራ እጁ ጣቶች፣ የወንድሙን ሸሚዝ ጫፍ ጨብጠው ነበር።